አባቴ ድሬ ተመልሼ ላስተምር ይላል፤ ግሪን ካርዱስ?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም የድሬ ልጆች። አባቴ 74 ዓመቱ ነው፣ ግሪን ካርድ ካገኘ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። አሁን «ድሬ ሄጄ ሁለት ዓመት ልቀመጥ» ብሎ ወጥሮ ይዞኛል። ለማረፍ እንዳይመስላችሁ። ማታ ማታ ላስተምር ነው የሚለው። ባቡር ላይ ሲሠራ የሠራተኛ ማኅበር ተመራጭ ነበር። በ1971 ዓ.ም. መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ ፊደል አስቆጥሯል። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ የእድሩን ድንኳን አውጥቶ ሰው አስጠልሏል። ጡረታ የወጣው ከሥራ እንጂ ከስብሰባ አይደለም። እዚህም እንግሊዝኛ ሊማር ገብቶ መምህሯን ስለ ደሞዟ ያነሳሳታል። ሁለት ዓመት ከቆየ ካርዱ ይቃጠላል ወይ?

ሚኒሶታ፦
እህቴ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆዩ ካርዱ ብቻውን አያስገባቸውም። ሪ-ኢንትሪ ፐርሚት፣ ማለትም ተመልሶ የመግቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፎርሙ አይ-131 ይባላል። ማመልከቻው የሚገባው እሳቸው እዚሁ አሜሪካ እያሉ ነው። ድሬ ደርሰው ቢያስቡት አይሆንም። አሻራ ለመስጠትም ይጠራሉ። ፈቃዱ ቢበዛ ለሁለት ዓመት ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፦ ፈቃዱ ቢኖርም፣ ዓመት ከቀሩ ዜግነት ለመጠየቅ የሚቆጠረው የአምስት ዓመት ኑሮ ይቋረጥባቸዋል።

ገንደ ቆሬ፦
አቦ ተያቸው ይሂዱ! ከከዚራ መጋላ ለመድረስ በየጥላው ሰው እያስቆማቸው ግማሽ ቀን የሚፈጅባቸው ሰው፣ እዚህ አፓርታማ ውስጥ ማን ሰላም ይበላቸው? እኔ ራሴ የጎረቤቴን ስም አላውቅም።

ሳቢያን፦
እኔ ተመልሼ ድሬ ነው የምኖረው። የድሮው ባቡር እንደ ድሮው አይደለም፣ አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ወጣ ብሎ ነው። ሙቀቱንም ረስታችሁታል። ተማሪ ግን አይጠፋም። ጠመኔና ደብተር ማን ይግዛ ነው ጥያቄው። ከውጭ የምትልኩት ለሠርግና ለልቅሶ ነው።

ሚኒሶታ፦
ለቤተ መጻሕፍቱ ያዋጣነውስ?

ሳቢያን፦
ደረሰኝ ልኬያለሁ ወንድሜ።

ሚኒሶታ፦
የላክኸው የሲሚንቶ ደረሰኝ ነው። መደርደሪያው የታለ? መጽሐፉስ?

ገንደ ቆሬ፦
በቃ ጀመራችሁ!

ሳቢያን፦
ሲሚንቶ በስንት እጥፍ እንደጨመረ ታውቃለህ? እዚያ ተቀምጦ መቆጣጠር ቀላል ነው።

የከዚራ ልጅ፦
ኧረ በእናታችሁ፣ የአሻራው ቀጠሮ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ይሄን ለአባቴ አነበብኩለት፣ መነጽሩን አድርጎ «ሒሳቡን እኔ ልመርምረው» እያለ ነው።

ሚኒሶታ፦
ይምጡና ይመርምሩ! ሳቢያን፣ ደረሰኞቹን በሙሉ አዘጋጅ።