«ተመለሰ» በእንግሊዝኛ «ካም ባክ» ነው ወይስ «ጎው ባክ»?

የአዌቷ አስጠኚ
ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ልጆች እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። «ተመለሰ» የምትለዋ ቃል አላላውስ ብላናለች። «ነገ ወደ አጋሮ እመለሳለሁ» የሚለውን ተርጉሙ ስላቸው ግማሾቹ «አይ ዊል ካም ባክ ቱ አጋሮ ቱሞሮው» ይላሉ፤ ግማሾቹ «ጎው ባክ»፤ አንዳንዶቹ ደግሞ «ሪተርን ባክ» ብለው ይጽፋሉ። መዝገበ ቃላቱ ሁሉንም «ተመለሰ» ብሎ ስለሚፈታው አይረዳም። ልጅ የሚይዘው አንድ ዘዴ አለ? «ከተመለሰ ሁለት ሳምንቱ ነው» የሚለውም እንዴት እንደሚባል ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ጅሬን ማዶ
እህቴ፣ ዘዴው እዚሁ አማርኛው ውስጥ አለልሽ። እኛ «ተመልሶ መጣ» እና «ተመልሶ ሄደ» ብለን እንለያለን። ልጆቹ ወደ እንግሊዝኛው ከመግባታቸው በፊት ዓረፍተ ነገሩን በሁለቱ ይሞክሩት። «መጣ» ከተስማማ «ካም ባክ»፣ «ሄደ» ከተስማማ «ጎው ባክ» ነው።

አሁን ያንቺን ምሳሌ እንየው። ልጁ ጅማ ቁጭ ብሎ ለጅማ ጓደኛው ከነገረው «ነገ ወደ አጋሮ ተመልሼ እሄዳለሁ» ነው የሚለው፤ ስለዚህ «አይ ዊል ጎው ባክ ቱ አጋሮ»። ያው ልጅ አጋሮ ላለች እናቱ ስልክ ደውሎ ከሆነ ግን «ነገ ተመልሼ እመጣለሁ» ይላታል፤ ያኔ «አይ ዊል ካም ባክ ቱሞሮው» ይሆናል። እንግሊዝኛም እንደኛው ሰሚው ወዳለበት መሄድን «መምጣት» ይለዋል። ስለዚህ ሁለቱም ወገን ልክ ሊሆን ይችላል። ማን ለማን እንደሚናገር ሳይገለጽ የተሰጠ ጥያቄ ሊታረም አይችልም፤ ጥፋቱ የጥያቄው ነው።

ሰሌዳው ላይ ሁለት ክብ ሣዪ፣ አንዱ ጅማ አንዱ አጋሮ። «ተ» ተናጋሪው ያለበት፣ «ሰ» ሰሚው ያለበት ይሁን። ተመላሹ የሚደርስበት ክብ ውስጥ «ተ» ወይም «ሰ» ካለ «ካም ባክ»፤ ሁለቱም ከሌሉ «ጎው ባክ»። ፊደሎቹን እያዛወርሽ አምስት ስድስት ጊዜ ብትጠይቂያቸው ይገባቸዋል።

«ሪተርን ባክ»ን ከአሁኑ አስተዪያቸው። «ሪተርን» ውስጥ መመለሱ አለ፤ «ባክ» ሲጨመር «ተመልሶ ተመለሰ» እንደማለት ነው። ወይ «ሪተርን» ብቻ፣ ወይ «ካም ባክ»።

መናኸሪያ ሰፈር
ከላይ የተሰጠው መለኪያ አንድ ቦታ ላይ ይሸሻል። ሁለት የጅማ ልጆች አዲስ አበባ ሆነው አንዱ ሌላውን «ከኔ ጋር ወደ ጅማ ትመለሳለህ?» ቢለው፣ ጅማ ላይ «ተ»ም «ሰ»ም የለም፤ ሆኖም «አር ዩ ካሚንግ ባክ ቱ ጅማ ዊዝ ሚ?» ነው የሚባለው። አብሮ መጓዝ ሲኖር እንግሊዝኛ «ካም»ን ይመርጣል። ይቺን ለብቻዋ አስይዣቸው።

ስለ ሁለቱ ሳምንት፦ «ካም» የአንድ ጊዜ ድርጊት ነው፤ ሰውየው ደረሰ፣ አለቀ። ስለዚህ «ሂ ሃዝ ካም ባክ ፎር ቱ ዊክስ» ካልሽ ሰሚው የሚረዳው «ሁለት ሳምንት ሊቆይ መጥቷል» ብሎ ነው። አንቺ የፈለግሽው ከመጣ በኋላ ያለፈውን ጊዜ ስለሆነ ግሡ የመሆን ግሥ መሆን አለበት፦ «ሂ ሃዝ ቢን ባክ ፎር ቱ ዊክስ»። ልዩነቱ ተራ አይደለም፤ በአንደኛው ሰውየው ሊሄድ ነው፣ በሁለተኛው እዚሁ ነው። እዚያው ላይ «ሃዝ ኬም ባክ» ብለው እንዳይጽፉ ተጠንቀቂ። «ካም፣ ኬም፣ ካም» ነው፤ ከ«ሃዝ» በኋላ ሦስተኛው ይገባል።

ሌላው ወጥመድ «እስከ» ናት። «እስከ 9 ሰዓት እመለሳለሁ» ሲተረጎም ብዙው ሰው «አንቲል» ይላል። «አንቲል» የሚቀጥል ነገር ነው የሚፈልገው፤ መመለስ ደግሞ አይቀጥልም። ትክክሉ «አይ ዊል ቢ ባክ ባይ ስሪ» ነው፤ የኛ 9 ሰዓት የነሱ 3 መሆኑም አይረሳ። «አንቲል»ን የግድ ካመጣችሁት ዓረፍተ ነገሩ አሉታ ይሁን፦ «አይ ዎንት ቢ ባክ አንቲል ስሪ»፣ ማለትም ከ9 ሰዓት በፊት አልመለስም።

የአዌቷ አስጠኚ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። «ቢ ባክ» መኖሩን ለልጆቹ አስተምሬ አላውቅም። ታዲያ «ስመለስ እደውልልሃለሁ» ላይም «ዊል» ይገባል? ደግሞ «ወደ ቤት» ሲሆን «ቱ» የሚቀርበትና የማይቀርበት አልጠራልኝም።

ጅሬን ማዶ
«ስመለስ» ላይ «ዊል» አይገባም፤ «ዌን አይ ካም ባክ፣ አይ ዊል ኮል ዩ» ነው። «ዊል» የሚቀመጠው መደወሉ ላይ ብቻ ነው። ስለ ቤቱ፦ «ሆም»፣ «ሂር» እና «ዜር» ወደ የሚለውን በሆዳቸው ይዘዋል፤ «ካም ባክ ሆም»፣ «ካም ባክ ሂር»። ቤቱ የማን መሆኑ ከተጠራ ግን «ቱ» ይመለሳል፦ «ካም ባክ ቱ ማይ ሃውስ»።

ቡና ተራ
በአፍ መፍቻቸው ኦሮምኛ የሆኑ ልጆች ካሉሽ ዘዴው ለነሱም ይሠራል። «ዴቢኤ ዱፌ» «ካም ባክ»፣ «ዴቢኤ ዴሜ» «ጎው ባክ»።

እኔ ልጨምር የምፈልገው «መጣሁ» የምትለዋን ነው። ቡና ቤት አስተናጋጁ ትዕዛዝ ተቀብሎ ዞር ሲል «መጣሁ!» ይላል። ገና መሄዱ ነው፣ ግሡ ግን ያለፈ ጊዜ ነው። ልጅ ይህንን ቃል በቃል «አይ ኬም» ካለው ፈረንጁ ግራ ይጋባል። አቻው «አይል ቢ ራይት ባክ» ነው። «ራይት» እዚህ ቀኝም ትክክልም ማለት አይደለም፣ «አሁኑኑ» ማለት ነው።

«መለሰ» ደግሞ በአማርኛ ዕቃም መልስም ይሸከማል፤ በኦሮምኛም «ዴቢ» መልስ ነው። እንግሊዝኛ ግን ይለያያቸዋል። ዕቃ ሲሆን «ጊቭ ባክ» ነው። ስም ከሆነ «ጊቭ ባክ ዘ ቡክ»ም «ጊቭ ዘ ቡክ ባክ»ም ይሆናል፤ ተውላጠ ስም ከሆነ ግን መሃል መግባት አለበት፦ «ጊቭ ኢት ባክ»። «ጊቭ ባክ ኢት» አይባልም። «ቴክ ባክ»፣ «ፑት ባክ»፣ «ብሪንግ ባክ» ሁሉ ያው ሕግ ነው። ለጥያቄ ቆይቶ መልስ መስጠት ሲሆን «ጌት ባክ ቱ»፦ «አይ ዊል ጌት ባክ ቱ ዩ ኦን መንዴይ» ማለት «ሰኞ አሳውቅሃለሁ» ነው እንጂ «በአካል እመጣለሁ» አይደለም። ይህን ሳያውቅ ሰኞ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይኖራል።

የአዌቷ አስጠኚ
ባጃጅ ላይ «መልሴን ስጠኝ» የሚለውስ? አንዱ ልጅ «ጊቭ ሚ ማይ አንሰር» ብሎ ጽፎልኛል።

ቡና ተራ
የገንዘብ መልስ «ቼንጅ» ነው፤ «ካን አይ ሃቭ ማይ ቼንጅ፣ ፕሊዝ?» ይበል። ከ100 ብር ላይ 20 ከፍሎ 80 ሲቀረው ማለት ነው። 100ውን በሙሉ የሚያስመልስ ከሆነ፣ ለምሳሌ ጉዞው ከቀረ፣ ያኔ «ካን አይ ጌት ማይ መኒ ባክ?» ይሆናል። ልጁን ሁለቱንም በየተራ እንዲጠይቅሽ አድርጊው፣ አንቺ ሹፌሩን ሆነሽ።