ስኩባ ለመጀመር ምን ላስመጣ? እህቴ ከጂዳ ልትመጣ ነው

የሐይቅ ልጅ፦
አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። ያደግኩት ሐይቅ ከተማ ነው፤ ዋና የለመድኩት ከመራመድ እኩል ነው ማለት ይቻላል። አሁን ደግሞ ውሃው ሥር ገብቶ መቆየት አምሮኛል። እህቴ ጂዳ ናት፣ ለአረፋ ትመጣለች፣ «የምትፈልገውን ንገረኝ» ብላኛለች። እዚያ አንድ ሰው ያገለገለ ሙሉ ዕቃ በርካሽ እየሸጠ ነው፤ መነጽሩ፣ ፊኑ (እግር ላይ የሚጠለቀው መቅዘፊያ)፣ ሬጉሌተሩ (አየሩን ከሲሊንደሩ ወደ አፍ የሚያደርሰው)፣ ጃኬቱ (አየር እየተሞላ የሚያንሳፍፈው)፣ የኦክስጅን ሲሊንደሩ ሳይቀር አለ። ሲሊንደሩ ሲያልቅ ኮምቦልቻ ጎሚስታ ቤት አስሞላለሁ ብዬ አስቤያለሁ። ሙሉውን ላስገዛት ወይስ የቱን ላስቀድም?

ጦሳ፦
ጎሚስታ ቤት! ሳቄን ጨርሼ ነው የምጽፍልህ ወንድሜ፣ አትቀየመኝ።

ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን አይደለም። እኔና አንተ የምንተነፍሰው ተራ አየር ነው፣ ተጣርቶና እርጥበቱ ወጥቶ የታመቀ። ንጹህ ኦክስጅን ይዘህ ከ6 ሜትር ብታልፍ ውሃ ውስጥ ሊያንዘፈዝፍህ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አንተው አስበው። የተለመደው ሲሊንደር ደግሞ 200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ድረስ ይሞላል። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር 10 ባር አካባቢ ላይ ያበቃለታል፤ ለጎማ እንጂ ለሳንባ አልተሠራም፣ የዘይት ሽታና የመኪና ጭስ አብሮ ይገባል። 20 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይ ካለው 3 እጥፍ ስለሆነ እዚህ ራስ የሚያሳምም ጭስ እዚያ ይገድላል። ስለዚህ ሲሊንደሩን እርሳው። ንጹህ አየር የሚሞላልህ እስካላገኘህ ድረስ ባዶ ብረት ነው።

የራስህ መሆን ያለበት መነጽሩ ነው። የዋና መነጽር አይሆንም፣ አፍንጫህን መሸፈን አለበት። ስትወርድ ውሃው መነጽሩን ፊትህ ላይ ይጫነዋል፣ በአፍንጫህ ትንሽ አየር ተንፍሰህ ካላቃለልከው ዓይንህ ደም ይመስላል። ጆሮህንም የምትከፍተው አፍንጫህን ይዘህ ነው። ችግሩ መነጽር በሰው ፊት አይገዛም፤ ለእህትህ ልክ የሆነው ላንተ ላይሆን ይችላል። ማሰሪያውን ሳታጠልቅ ፊትህ ላይ ለጠፍ አድርገውና በአፍንጫህ አየር ሳብ። እጅህን ስትለቀው ካልወደቀ ያንተ ነው። ሪዝ ካለህ ግን ውሃ ያስገባል፣ እኔ ስንት ጊዜ ተናድጃለሁ መሰለህ። አዲስ ከሆነ ከውስጥ በኩል በጥርስ ሳሙና እሸው፣ አለበለዚያ እንደ ክረምት መስኮት ነው የሚሆነው።

ቦርከና፦
ጦሳ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ሌላ ነው። ኮርሱን የወሰድኩት ጅቡቲ ነው፤ በባቲ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ አድርጌ ወርጄ። የመጀመሪያው ደረጃ 18 ሜትር ድረስ ነው የሚፈቅድልህ፣ ሲሊንደሩን፣ ሬጉሌተሩንና ጃኬቱን ደግሞ አስተማሪዎቹ ያቀርባሉ። ታዲያ ምን አስቸኮለህ? ያገለገለ ሬጉሌተር ጎማው ደርቆ ሊሆን ይችላል፣ በየዓመቱ አካባቢ ተፈትቶ መታየት አለበት፣ ደሴ ውስጥ ማን ይፈታልሃል? እኔ ይዤ የሄድኩት መነጽር፣ ስኖርክል (ፊትህን ውሃ ውስጥ ነክረህ የምትተነፍስበት ቱቦ) እና ፊን ብቻ ነበር፤ 3 ሚሊ ውፍረት ያለው የመጥለቂያ ልብስ እዚያው ተከራየሁ፣ ውሃው ሞቃት ስለሆነ በቃኝ። በዚያ ላይ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር እስከ ጥር አካባቢ የሚመጣውን ዌል ሻርክ የሚባል ግዙፍ ዓሣ ሰው የሚያየው በስኖርክል ነው። እኔ ግን ክረምት ወርጄ አመለጠኝ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አንድ የረሳኸው ነገር አለ። ሐይቃችን ከባሕር ወለል ከ1,900 ሜትር በላይ ነው፣ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር ያልፋል። የመጥለቂያ ሠንጠረዦች (ስንት ሜትር ላይ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳዩት) የተሠሩት ለባሕር ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ያንኑ ጥልቀት በዚያው ደቂቃ ብትጠልቅ ናይትሮጅኑ በደምህ ውስጥ አረፋ የመሥራት ዕድሉ ይበልጣል። ለከፍታ የሚስተካከል ዳይቭ ኮምፒውተር (ጥልቀቱንና ደቂቃውን የሚቆጥርልህ መሣሪያ) እና ለብቻው የተሰጠ ሥልጠና ይፈልጋል። የዓሣ አጥማጆቹ መረብም አለ፤ ብቻህን ገብተህ እግርህ ቢያዝ ማን ያወጣሃል?

ስትመለስም ተጠንቀቅ። ጅቡቲ ጠልቀህ ወዲያው ወደ ደሴ መውጣት አውሮፕላን እንደመሳፈር ነው፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ነው እኮ። ከአንድ መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግመህ ከጠለቅክ 18 ሰዓት ጠብቅ ይላሉ፤ እኔ ሙሉ ቀን ነው የጠበቅኩት። ሾፌሩ «ጀልባ አመለጠሽ እንዴ?» እያለ ሲያሾፍብኝ ዋለ።

የሐይቅ ልጅ፦
ወይ ጉድ፣ ደህና ነው የጠየቅኳችሁ። ፊኑስ? ሁለት ዓይነት አለ አለችኝ፣ አንዱ እንደ ጫማ እግር የሚያስገባ፣ አንዱ ከኋላ ማሰሪያ ያለው።

ጦሳ፦
እንደ ጫማው ለሞቃት ውሃ ይሻላል፣ ቀላልና ርካሽ ነው፣ ለስኖርክልም ያው እሱ ነው። ማሰሪያ ያለውን ከወሰድክ ጫማውም ለብቻው ይገዛል። የጫማ ቁጥርህን ላክላት። ቢሰፋ ትንሽ ይሻላል እንጂ ከጠበበ እግርህን ያሳምምሃል፣ መሐል ውሃ ላይ ጡንቻህ ሲጨብጥ ታስታውሰኛለህ። በጣም ረጅምና ደረቅ የሆነውንም ተወው፣ ለጀማሪ አይሆንም።

የሐይቅ ልጅ፦
አብሽሩ፣ ገባኝ። አሁን ደወልኩላት። ሁለትና ሦስት መነጽር ፎቶ ትልክልኛለች፣ ሻጩ ካልሆነ መልሺው ብሏታል። ፊንና ስኖርክል ይጨመርበት፣ ሌላው ይቅር አልኳት። «ይሄን ሁሉ ወር ነዝንዘኸኝ መነጽር ብቻ?» ብላ ሳቀች። ቦርከና እህቴ፣ ኅዳር ላይ የምትወርጂ ከሆነ ንገሪኝ፣ አብረን እንሄዳለን። ሪዜን ግን አልላጭም።