የእናቴን የኮሌስትሮል ውጤት የሚያስረዳኝ አለ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ከስድስት ወር በፊት እዚሁ ሰፈር ክሊኒክ ተመርምራ ጠቅላላ ኮሌስትሮሏ 218 ሆነ። ባለፈው ሳምንት ሌላ ቦታ ወስጃት 5.8 ሲሉን እልል ልንል ምንም አልቀረን! ለካ የመጀመሪያው በሚሊግራም በዴሲሊትር፣ የአሁኑ በሚሊሞል በሊትር ኖሯል። 5.8ን በ38.67 ሳባዛው 224 መጣ። ያው ነው፣ አልወረደም።

ከ200 በታች ጥሩ እንደሚባል አውቃለሁ። ግራ የገባኝ ዝርዝሩ ነው። የመጀመሪያው ወረቀት መጥፎው የሚባለውን ኤልዲኤል 134፣ ጥሩውን ኤችዲኤል 58 ይላል። ለሴት ጥሩው ከ50 በላይ ቢሆን ይመረጣል አሉ። ታዲያ 58 መሆኑ የመጥፎውን ከፍ ማለት ያካክሳል? ስኳር የለባትም፤ የደም ግፊት ግን አለባት፣ መድኃኒትም ትወስዳለች።

ሐኪሙ ወረፋ በዝቶበት ነው መሰለኝ «ቅባት ይቀንሱ» ብሎ ሸኛት። እሷ ደግሞ «እኔ ጿሚ፣ ቅባት ከየት አመጣለሁ?» ትላለች። የጾም ወጡን የምትሠራው ግን በሚረጋው ዘይት ነው! በኑግ ወይም በሱፍ ዘይት ብንቀይረው ለውጥ ያመጣል? ስንት ወር ቆይተን እናስመርምራት? ቀጠሮዋ ሲደርስስ ሐኪሙን ምን ብዬ ልጠይቀው?