«ከባዱ ነው ቀድሞ የሚወድቀው» ለሚሉ ልጆች ምን ላሳያቸው?

የማሂ እናት፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ ባህር ዳር ነኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆችን ሰብስቤ ሳይንስ እንሞክራለን፣ ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ናቸው። ድንጋይና ወረቀት እኩል ብንለቅ ማን ይቀድማል ስላቸው ሁሉም ድንጋዩ አሉ፣ ለቀቅነው፣ እውነትም ቀደመ፣ አሁን «ከባድ ነገር ይፈጥናል» ብለው ደብተር ላይ ጽፈውታል። አይደለም ብላቸው ያምኑኛል ግን ትልቅ ሰው ስላለው ብቻ እንዲያምኑ አልፈልግም። ዕቃ የለንም፣ ስልክ ብቻ።

ፊዚክስ መምህር፦
እህቴ የጻፉትን እንዳታጠፊባቸው፣ መላ ምት ነው ይቀመጥ። ድንጋይና ወረቀት በክብደትም በቅርፅም ይለያያሉ፣ ስለዚህ የቱ እንዳመጣው አይታወቅም፣ «አንዱን ብቻ እንቀይር» በያቸው። ከአንድ ደብተር ሁለት ሉክ ቅደጂና አንዱን ጭምድድ አድርጊው፣ ክብደታቸው ያው ነው፣ ግን የተጨመደደው ይቀድማል። እዚህ ጋ ዝም በይ፣ አየሩ ያዘው የሚል ልጅ አይጠፋም። ቀጥሎ ቅርፁን እኩል አድርጊ፣ ሁለት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ፣ አንዱ ውሃ ሙሉ አንዱ ግማሽ፣ ክዳናቸው ጥብቅ ይበል። በእጅ ከለቀቁት አንዱ እጅ ይቀድማል፣ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ደርድረው በረጅም ማስመሪያ አንዴ ይግፉት። ታች ቆርቆሮ አንጥፉ፣ በዓይን ከማየት በጆሮ መስማት ይሻላል፣ አንድ ጊዜ «ጧ» ካለ እኩል ነው። ግምታቸውን ግን ሳይለቁት በፊት ይጻፉ!! እሱን ከዘለልሽው ውጤቱን ካዩ በኋላ ሁሉም «አውቄው ነበር» ይላል።

አባይ ማዶ፦
ጠዋት አድርጉት፣ ከሰዓት የሐይቁ ንፋስ ወረቀቱን ይወስድባችኋል። ደግሞ በዩቲዩብ የአፖሎ 15ን ቪዲዮ አሳያቸው፣ በ1971 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ስኮት ጨረቃ ላይ መዶሻና የጭልፊት ላባ እኩል ለቆ እኩል ነው ያረፉት፣ እዛ አየር የለማ። ከሱ ብትጀምሪ ይገባቸዋል።

ፊዚክስ መምህር፦
ቪዲዮው አሪፍ ነው ግን መጀመሪያ አይሁን ወንድሜ፣ መልሱን ካዩት የሚሞክሩት ነገር አይኖርም፣ ራሳቸው «አየር ባይኖርስ?» ብለው ሲጠይቁ አሳያቸው።

የማሂ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። በስልክ ሰዓት ብንለካውስ?

ፊዚክስ መምህር፦
ከጠረጴዛ መሬት ለመድረስ 0.4 ሰከንድ ገደማ ነው፣ ከ5 ሜትር እንኳ 1 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው፣ ጣት አይደርስበትም። ጋሊሊዮም በዚህ ምክንያት ነው ኳስ በዘንበል ያለ ጣውላ ላይ ያንከባለለው፣ መውደቁን ለማዘግየት። እናንተም ጣውላ ትንሽ ዘንበል አድርጋችሁ ብይ ልቀቁ፣ አንዱ ልጅ እኩል እኩል ያጨብጭብ ሌላው በጠመኔ ምልክት ያድርግ፣ በ1 ጭብጨባ የሄደችውን በ2 ጭብጨባ 4 እጥፍ፣ በ3 ደግሞ 9 እጥፍ አካባቢ ትሄዳለች። ካልገጠመ አትናደጂ፣ ደግመው ይሞክሩ። ባዶውን ሃይላንድ ደግሞ ከፎቅ ከሙሉው ጋር ልቀቁት (ታች ሰው እንዳይኖር)፣ ወደኋላ ይቀራል፣ ለምን እንደሆነ እነሱ ይንገሩሽ።