ሜፕል ዛፍ ላይ በረድፍ የተደረደሩ ቀዳዳዎች፦ ግንደ ቆርቁር ነው ወይስ ነቀዝ?

ጥያቄ (ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ)
ሰላም ለሁላችሁ። ጓሮ ያለው ሜፕል ግንዱ ላይ፣ በሰው ቁመት ልክ፣ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሰፉ ቀዳዳዎች አግድም ተሰልፈዋል። ከአንዳንዶቹ ፈሳሽ ይወርዳል። ጎረቤት «ነቀዝ ነው፣ አስቆርጡት» ይላሉ። አጥሩ ሥር ባለው የደረቀ ግንድ ላይ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ረጅም ቀዳዳ አለ። የአንድ ወፍ ሥራ ይሆን?

መልስ 1
ኧረ እንዳያስቆርጡት! ነቀዝም ሆነ ጥንዚዛ መስመር ጠብቆ አይበሳም፤ ቀዳዳው እዚህም እዚያም ይበተናል፣ ብዙ ጊዜም ሥሩ ሰጋቱራ ይገኛል። በረድፍ የሚበሳው የሎ-ቤሊድ ሳፕሰከር የሚባለው ግንደ ቆርቁር ነው። የሚፈልገው የዛፉን ጭማቂ ስለሆነ ቀዳዳው እንዳይደፈን እየተመላለሰ ይጠርገዋል፣ ጫፏ ብሩሽ በመሰለች ምላሱም ይልሰዋል። እናንተ ጋ የሚከርመው ከኦክቶበር እስከ አፕሪል ግድም ነው፤ የሚወደውንም ዛፍ በየዓመቱ ይመለስበታል።

አዲስና አሮጌውን ለመለየት የቀዳዳውን ጠርዝ ይዩት። አዲሱ ውስጡ ነጣ ያለና እርጥብ ነው። አሮጌው ግራጫ ሆኖ ዳር ዳሩ አብጦ ይገጥማል። ጤነኛ ዛፍ ይህን ይችለዋል፤ የሚያሰጋው ረድፎቹ ተጠጋግተው ግንዱን ዙሪያውን ሲከቡት ነው፣ ያኔ ከቅጠል ወደ ሥር የሚወርደው ምግብ ይቋረጣል። እንዲያ ከሆነ የተበሳውን ቦታ በጆንያ ላላ አድርገው ይጠቅልሉት፣ ወፉ ሲሄድ ይፍቱት። ከቆየ እርጥበት ይይዛል። ቀዳዳውን በቀለም ወይም በሬንጅ አይድፈኑ፣ ዛፉ ራሱ ይዘጋዋል።

መልስ 2
የደረቀው ግንድ ላይ ያለው ሌላ ወፍ ነው፦ ፓይሌትድ፣ ቁራ የሚያህለው ባለ ቀይ ጉትዬ። ማዕዘን ያለው፣ ቁመቱ አንዳንዴ ከ30 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ ጉድጓድ ሌላ ግንደ ቆርቁር አይቆፍርም። ግንዱ ሥር ጣት የሚያህል ስንጣሪ ተበታትኖ ካገኙ አይጠራጠሩ። የሚፈልገው እንጨት ውስጥ የሚኖሩትን ጉንዳኖች ነው። ስለዚህ በቆመ፣ ለምለም በሚመስል ዛፍ ላይ ይህን ካዩ ውስጡ መበስበሱን ይገምቱና ቤት ላይ እንዳይወድቅ በባለሙያ ያስመርምሩት። የደረቀው ግን ሰውና ቤት ላይ የማይወድቅ ከሆነ ይቁም፤ ለስንቱ ወፍ መኖሪያ ነው።

የጎጆ በር ከዚህ ይለያል፣ ጠርዙ የተስተካከለ ነው። ዳውኒ፣ ሄሪና ፍሊከር ከሚባሉት ግንደ ቆርቁሮች የዳውኒ ክብና ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር፣ የሄሪ 5 ገደማ፣ የፍሊከር 7 ገደማ ይሆናል። ልኩ ስለሚቀራረብ ወፉን ሳያዩ በስፋት ብቻ አይወስኑ።

መልስ 3
ላይ የተባለው ልክ ነው። አሽ የሚባለው ዛፍ ያላችሁ ግን ሌላም ምልክት ጠብቁ፦ ግንደ ቆርቁር የላይኛውን ቅርፊት ልጦ ግንዱን ነጭ ቢጫ ካስመሰለው፣ ከሥሩ የኤመራልድ አሽ ቦረር እጭ እየለቀመ ነው። ይህ አረንጓዴ ጥንዚዛ አሜሪካ ውስጥ የታወቀው በ2002 ሚሺጋን ላይ ነው። ሲወጣ የሚተወው ቀዳዳ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው፣ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ግማሽ ክብ። ዛፉን የሚገድለው እጩ ነውና ወፉን አታባርሩ። መድኃኒት የሚረዳው አናቱ ብዙ ሳይደርቅ ነው፣ ባለሙያ ቶሎ ጥሩ።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ፣ አይቆረጥም። አገር ቤት እንዲህ ያለ ረድፍ የማይታየው ለምንድን ነው?

መልስ 1
ሳፕሰከሮች አራት ዝርያ ናቸው፣ አራቱም የሰሜን አሜሪካ ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግንደ ቆርቁር ሞልቷል፣ በእሷና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚገኝም አለ። እዚያ ግን ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ ክብ ቀዳዳ ስላዩ ብቻ ግንደ ቆርቁር ነው አይበሉ፤ ባርቤት የሚባሉት ምንቃረ ወፍራም ወፎችም ለጎጆ እንዲሁ ይቆፍራሉ።