ለመነጽር አድራጊ የትኛው ባይኖኩላር ይሻላል?

ባለ መነጽሩ፦
ሰላም ቤተሰብ። ወፍ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን ነው የማስጎበኘው። አሮጌው ባይኖኩላሬ ከውስጥ ጉም ለብሷል፤ ጠጋኝም አልተገኘለትም። ፍራንክፈርት ያለችው እህቴ ለፋሲካ አዲስ ታመጣልኛለች። ያሰብኳቸው ሦስቱም ከ2 ሺህ ዩሮ በላይ ናቸው። አንዴ ከተገዛ ተገዛ ነው!

ሁሉንም በ8 በ42 (8 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊሜትር የሆነ) ከእንግዶች እየተዋስኩ አይቻለሁ። የስዋሮቭስኪ ኤንኤል ፒዩር ስፋቱ ጉድ ነው፤ በ1000 ሜትር ርቀት 159 ሜትር ያሳያል። ገፈርሳ ላይ የዝይ መንጋው ሙሉውን ገባልኝ። ወገቡም ቀጠን ስላለ እጅ ይወደዋል። የዛይስ ኤስኤፍ 148 ሜትር ነው፤ ክብደቱ ግን ወደ ዓይን ስለሚያደላ ክንድ አያዝልም። የላይካ ኖክቲቪድ 135 ብቻ። በወረቀት ላይ ተሸናፊው እሱ ነው። ታዲያ ለምን እሱን ስመልስ ቅር ይለኛል? ደብረ ሊባኖስ ላይ የቱራኮ ወፍን የክንፍ ቅላት በእሱ አይታችሁ ፍረዱኝ።

ችግሩ ወፍራሙ መነጽሬ ነው። ዓይን የሚያርፍበትን የባይኖኩላሩን ጎማ እስከ ታች ባወርደውም ዓይኔን ያርቅብኛል። ከዚያ 159 ሜትር ስንቱን እንደማየው እንጃ። ደግሞስ ለባሌው ሳነቴ አምባ 10 በ42 አይሻልም?

የጎባው፦
10ን ተወው ወንድሜ። ሳነቴ 4000 ሜትር ላይ ነው፤ ነፋሱን ታውቀዋለህ። እጅህ ሲንቀጠቀጥ ቀይ ቀበሮውም አብሮ ይጨፍራል። ለሩቁ ስኮፕ (በእግር ላይ የሚቆመው ባለ አንድ ዓይን ማቅረቢያ) አለ። ደግሞ 42ን ለ8 ስታካፍል 5.25 ሚሊሜትር የብርሃን ቀዳዳ ታገኛለህ፤ ለ10 ግን 4.2 ነው። ሰፊው ሲመሽም ሲነጋም ዓይንን አያስቸግርም።

አንገትህን ካመመህ ኤስኤፍ በ8 በ32 አለ። 600 ግራም ገደማ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ አንጠልጥዬው እረሳዋለሁ።

ከፍራንክፈርት፦
ላይካና ዛይስ ያሉበት ቬትስላር ከዚህ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እህትህ ሄዳ ልትገዛልህ ትችላለች፤ ልትሞክርልህ ግን አትችልም። የእሷ አፍንጫ የአንተ አይደለም።

እንግዳ በመጣ ቁጥር መነጽርህን ሳታወልቅ ሞክር። ሰማዩን እይ። ጥቁሩ ክብ ጠርዝ ዙሪያውን ጥርት ብሎ ከታየህ ልክህ ነው። ቀጥሎ ሜዳውን ከግራ ወደ ቀኝ ቶሎ ቃኘው። ዳሩ ድረስ ጥርት የሚሉት ባይኖኩላሮች አንዳንድ ሰው ላይ መሬቱን እንደ ኳስ ያንከባልሉበታል። እኔን ያዞረኛል፤ ባለቤቴ ምንም አይለው። ሁለቱን በርሜሎች በዓይንህ ልክ ስታጠብም አፍንጫህን እንዳይቆነጥጡህ እይ።

ባለ መነጽሩ፦
ተባረኪ እህቴ። ትናንት አንድ እንግዳ ኤስኤፍ ይዞ መጣ። ጠርዙ ዙሪያውን ታየኝ፤ ሜዳውም አልተንከባለለብኝም። የላይካው ቀለም አሁንም ልቤ ውስጥ አለ፤ ቢሆንም ቀኑን ሙሉ የሚይዘው ክንዴ ነው። ለእህቴ ኤስኤፍ 8 በ42 ብያታለሁ። ጋሽ የጎባው፣ አንተ የምታደርገው በአንገት የሚንጠለጠለውን ማሰሪያ ነው ወይስ በትከሻ የሚታሰረውን?