ጀርመንኛው ገና ሳይገባ ቅዳሴ የት ማስቀደስ፣ በምንስ መከታተል ይሻላል? (ጥቆማ)

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ
ለትምህርት ወደ ጀርመን የምትሄድ እኅት አለችን። የተመደበችበት ከተማ የእኛ (የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ) ቤተ ክርስቲያን የለበትም፤ ጀርመንኛዋም ገና ጅምር ነው። የትኛው ቤተ ክርስቲያን ትሂድ? መጽሐፍ ይሻላታል ወይስ አፕ?

ከባሕር ዳር
በመጀመሪያ የእኛው ደብር በባቡር ስንት ሰዓት እንደሚርቅ ይታይ። ፍራንክፈርት፣ ኮሎኝ፣ ሙኒክና በርሊን አሉን። በወር አንድ ጊዜ እዚያ ብትደርስ፣ ሌላውን እሑድ በቅርቧ ካሉ እኅት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ጋ ማስቀደስ ትችላለች። እነዚህም እንደ እኛ ሦስቱን ጉባኤያት (ኒቅያ 325፣ ቁስጥንጥንያ 381፣ ኤፌሶን 431 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) የሚቀበሉት ግብፆች፣ ሶርያውያን፣ አርመኖች፣ የሕንድ ማላንካራዎችና ኤርትራውያን ናቸው።

የኤርትራውያን ካለ እሱ ይቅደም፤ ቅዳሴው ያው ግእዝ ነው። ከዚያ ቀጥሎ እኔ የግብፆቹን አስቀድማለሁ። ቋንቋው ስለሚቀል አይደለም፤ ቅብጥ (የግብፆቹ የጥንት ቋንቋ)፣ ዐረብኛና ጀርመንኛ ይቀላቀልበታል። ቅደም ተከተሉ ግን የምታውቀው ነው፦ ጳውሎስ፣ የሐዋርያት መልእክት፣ ግብረ ሐዋርያት፣ መዝሙር፣ ወንጌል። ካህኑ «ኢሪኒ ፓሲ» ሲሉ «ሰላም ለኵልክሙ» ማለታቸው ነው፤ መልሱም «ምስለ መንፈስከ» ነው። «አጊዮስ ኦ ቴኦስ» ሲዜም «ቅዱስ እግዚአብሔር፣ ቅዱስ ኃያል፣ ቅዱስ ሕያው» ላይ ደርሰዋል ማለት ነው። ኪርያላይሶንንማ ከሰሙነ ሕማማት ታውቀዋለች። ገናቸውም ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ይውላል።

ሶርያውያኑ በጉተርስሎህ ከተማ አካባቢ ብዙ ናቸው፤ የሚቀድሱት በጥንታዊ ቋንቋቸው በሱርስት ነው። አርመኖች ልደትንና ጥምቀትን አንድ ላይ በጃንዋሪ 6 ያከብራሉ፤ ኅብስታቸው እርሾ የለውም፣ ወይናቸውም ውኃ አይቀላቀልበትም። አስቀድማ ካላወቀችው ያስደነግጣታል።

ከፍኖተ ሰላም
ስለ መሣሪያው ልጨምር። በቅዳሴ ሰዓት የስልክ ተርጓሚ አልመክርም። ዜማ ፊደሉን ስለሚጎትተው ስልኩ ቃሉን አይለይም፤ የሕንፃው ገደል ማሚቶም ያሳስተዋል። ለስብከት ከፊት ተቀምጣ ብትሞክረው ትንሽ ይረዳታል፣ ያም ቢሆን አጥንቱን እንጂ ሥጋውን አያገኝም።

ከአፕ የምመርጠው ኮፕቲክ ሪደርን ነው። እንግሊዝኛ፣ ቅብጥና ዐረብኛውን ጎን ለጎን ያሳያል፤ የዕለቱንም ምንባብ በቀኑ ያወጣል። ችግሩ ለግብፅ ሥርዓት የተሠራ ስለሆነ ከእኛ 14 ቅዳሴያት ጋር አለመግጠሙ ነው። ስለዚህ የግእዝና የአማርኛ መጽሐፈ ቅዳሴ ከዚህ ገዝታ ትሂድ። ሻንጣ ከጠበባት ፍሬ ቅዳሴውን ብቻ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትያዝ።

ለጀርመንኛ መጽሐፍ ቅዱስ ጉተ ናኽሪኽት የሚባለው ቋንቋው ቀላል ነው፤ ለጀማሪ ከሉተር ትርጕም እሱ ይሻላል። ቅዳሜ ማታ የእሑዱን ወንጌል አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ ሁለት ጊዜ በጀርመንኛ ታንብብ። ይህን ያደረገ ሰው ስብከቱ ስለ ምን እንደሆነ አይጠፋውም።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ያደናግራል፦ የመዝሙር ቍጥር። በግእዙ ዳዊት 50 የሆነው «ተሣሀለኒ» በጀርመንኛው መጽሐፍ ቅዱስ 51 ነው፤ 22 ያልነው «እግዚአብሔር ይሬዕየኒ» 23 ነው። ሰባኪው ቍጥር ሲጠራ ወደ ግእዙ ለመመለስ በአብዛኛው አንድ ትቀንስ፤ የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ጥቂት መዝሙራት ግን ቍጥራቸው አንድ ነው። በመጽሐፍ ቅዱሳቸው መቃብያን የሚለውን ስም ብታገኝም ታሪኩ የእኛው መቃብያን አይደለም።

ከሞጣ
የዋሸራና የዲማ የቅኔ ቤት ተማሪ ግስ ሳያጠና ቅኔ አይቆጥርም። ጀርመንኛውንም እንዲሁ ትያዘው፤ የገበያውን ቃል ትምህርት ቤት ያስተምራታል፣ የቤተ ክርስቲያኑን ግን አያስተምራትም። በቀን አምስት ግስ ትያዝ፦ መጸለይ፣ መጾም፣ መስገድ፣ መባረክ፣ መቍረብ። ቀጥሎ ተሰጥዎውን (የሕዝቡን መልስ)፦ «ሄር፣ ኤርባርመ ዲህ» (አቤቱ ማረን)፣ «ኡንት ሚት ዳይነም ጋይስት» (ከመንፈስህ ጋራ)። ከዚያ አቡነ ዘበሰማያት፦ «ፋተር ኡንዘር ኢም ሂመል» ብሎ የሚጀምረው።

ንስሐ በስልክ ተርጓሚ አይሁን፤ ቃል ይዛባል፣ የነፍስ ምሥጢርም በሰው ኮምፒዩተር ያልፋል። ቋንቋው እስኪጠና ከዚህ ካሉት ንስሐ አባቷ ጋር በስልክ ትቀጥል። ለመቍረብ እኛ 18 ሰዓት እንጾማለን፣ ግብፆቹ 9 ይላሉ፤ የእሷ የእኛው ነው። ጫማ በወንበራቸው አካባቢ አያወልቁም፤ ለቍርባን ሲቀርቡ ግን ያወልቃሉ። ነጠላዋን አትርሳ።

ከመሄዷ በፊት ከአጥቢያዋ የጥምቀት ምስክር ወረቀት በማኅተም ታውጣና በእንግሊዝኛ ታስተርጕም። ቄሱ የማያውቋትን ሰው ከማቍረባቸው በፊት ማንነቷን መጠየቃቸው አይቀርም። የክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ከሆነ በላቲን ፊደል አንድ ላይ አያይዘው ይጻፉላት፤ ተለያይቶ ከተጻፈ ፈረንጆቹ «ወለተ»ን የእሷ፣ «ማርያም»ን የአባቷ ስም አድርገው ይመዘግቡታል።